ሁለት ገና፣ ጥቂት እጅ

ነገ ሥራ እያለ፣ ከፊሎቻችሁ ልጅ ታቅፋችሁ፣ ከፊሎቻችሁ ከማታው ሽፍት በፊት ያለችውን ሰዓት ሰርቃችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርዕስ «ሥራ የሚበዛበት ወላጅ የገናን ሰሞን እንዴት ያቅልለው?» የሚል ነው። ርዕሱ ሲነገረኝ «የትኛውን ገና?» ብዬ ነበር የጠየቅሁት። የጋበዘኝ ሰው ሳቀና «እሱንም አንቺው ንገሪን» አለኝ።

እንግዲህ ልንገራችሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ለምንኖር ሐበሾች ገና ሁለት ነው፤ የፈረንጅ ገናና የሐበሻ ገና። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 13 ቀን ብቻ ቢሆንም ሰሞኑ ግን ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል። ኅዳር 15፣ በዚህ አገር ቁጥር ኖቬምበር 24፣ የነቢያት ጾም ይገባል። ታንክስጊቪንግ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ስለሚውል፣ ሰው ሁሉ ተርኪ ሲቆርጥ እኛ ጾም ይዘናል። ከዚያ ዲሴምበር ይመጣል። የትምህርት ቤት ኮንሰርት አለ፣ ያውም በሥራ ሰዓት። የአስተማሪ ስጦታ አለ። በፒጃማ የሚኬድበት ቀን፣ አስቀያሚ ሹራብ የሚለበስበት ቀን፣ የመሥሪያ ቤት ስጦታ መለዋወጫ። ዲሴምበር 25 አልፎ ጎረቤቱ ዛፉን አውጥቶ መንገድ ዳር ሲጥል የእኛ ድግስ ገና መጀመሩ ነው። ጃንዋሪ 7 በ2026 ረቡዕ፣ በ2027 ሐሙስ ይውላል፤ ትምህርት ቤቱም ሥራውም ክፍት ነው። ዋዜማውን ቤተ ክርስቲያን ማደር አለ። 12 ቀን ቆይቶ ደግሞ ጥምቀት። ፕሮቴስታንት የሆናችሁም ብትሆኑ አልዳናችሁም፤ ዲሴምበር 25ን በጸሎት ቤታችሁ፣ ጃንዋሪ 7ን በዘመድ ቤት ስታከብሩ አያችኋለሁ።

ደክሞኛል ለምትል እናት የሚሰጣት ምክር ብዙ ጊዜ «ቀለል አድርጊው» የሚል ነው። ይህን ምክር አልወደውም። የቱ እንደሚቀር አይናገርም፤ የሚቀረውን የመምረጡን ሥራም መልሶ በእሷው ላይ ይጭናል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። በዓላችን የተለካው በብዙ እጅ ነበር፤ እዚህ ያንኑ ድግስ በሁለት እጅ ለማንሳት እንሞክራለን። ወይ እጁ ይብዛ፣ ወይ ድግሱ ይነስ። ከዚህ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

አገር ቤት ያለውን ገና አስቡ። ገበያ ወርዶ፣ የበጉን ላት መዝኖ፣ የዶሮውን ደረት ዳብሶ፣ ተከራክሮ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ አባወራው ነው። የሚያርደው እሱ ነው፤ በጉን የሚገፈውና የሚበልተው እሱ ነው። ሰፈሩ ቅርጫ ከገባ በሬውን ፈልጎ ማምጣት፣ መደቡን እኩል መደልደል፣ ዕጣ መጣል የወንዶቹ ድርሻ ነው። በወዲያ በኩል ጠላውን የምትጠምቅ አለች፤ ድፎ ዳቦውን የምትጋግር አለች፤ ሽንኩርት ልክተፍ ብላ የምትመጣ የጎረቤት ልጅ አለች፤ እህት አለች፣ የባል እህት አለች። አያት ሕፃናቱን ሰብስባ ትይዛለች። ልጆቹም ሥራ አላቸው፤ ቄጠማ ያመጣሉ፣ ድስት ይዋሳሉ፣ ለጎረቤት ያደርሳሉ። ቤቱ ሠራተኛ ካለው ደግሞ የድካሙን ትልቁን ቁራጭ የምትወስደው እሷ ናት፤ ለእሷ ቀኑ በዓል አልነበረም። ይህን ሳንናገር የአገር ቤቱን በዓል ብናወድስ ውሸታሞች እንሆናለን።

አሜሪካ ስንመጣ ምን ሆነ? ዶሮው ታርዶ፣ ተገንጥሎ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ሱፐርማርኬት ይጠብቀናል። በጉም እንደዚያው። የአባወራውን የበዓል ሥራ ሱፐርማርኬቱ ተረከበ ማለት ነው። የእናትየዋን ሥራ የተረከበላት ግን የለም። እንዲያውም ጨመረባት። እህቷ ሂዩስተን ናት፣ እናቷ አዲስ አበባ፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረውን ጎረቤት ስሙን እንኳ አታውቀውም። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ውጭ ስትሠራ ትውላለች። ድግሱ ግን ያው ነው፤ ዶሮ ወጡ፣ ቀይ ወጡ፣ አልጫው፣ ጥብሱ፣ አይቡ፣ ዳቦው፣ ቡናው። በላዩ ላይ የፈረንጁ ዛፍ፣ መብራትና መጠቅለያ ወረቀት ታከለ።

ወንዶች፣ አትደንግጡ፤ ክስ አላነበብኩም። ሥራው ከእጃችሁ የወጣው ሱፐርማርኬቱ ወስዶባችሁ ነው። የወጣው ሥራ ግን በሌላ መተካት ነበረበት፤ በብዙ ቤት አልተተካም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ ስለ ፈረንጁ ገና ትንሽ ላውራ፤ ልጆቻችን እንዳይጎድልባቸው ብለን የምንሮጥለት በዓል ነውና። ይህ በዓል ሲጀመር እንዲህ የገዘፈ አልነበረም። ማሳቹሴትስን ያስተዳድሩ የነበሩት ፒዩሪታኖች ከ1659 እስከ 1681 ገናን ማክበርን በሕግ ከልክለው ነበር፤ ሲያከብር የተገኘ 5 ሽልንግ ይቀጣ ነበር። የፌዴራል በዓል የሆነው በ1870 ነው። ሳንታ ክላውስን በዚያ ቦርጭና በዚያ ጺም ያስተዋወቀው በአብዛኛው ሠዓሊው ቶማስ ናስት ነው፤ ከ1863 ጀምሮ «ሃርፐርስ ዊክሊ» በሚባለው መጽሔት ይሥለው ነበር። ከ1931 ጀምሮ ደግሞ የኮካ ኮላ ማስታወቂያ በየቤቱ አደረሰው። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የ1939ኙን ታሪክ ነው። ያን ዓመት የኖቬምበር የመጨረሻው ሐሙስ 30ኛው ቀን ላይ ዋለ። ትልልቅ ነጋዴዎች ከታንክስጊቪንግ እስከ ገና ያለው የገበያ ጊዜ አጠረብን ብለው አቤት አሉ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም በዓሉ በአንድ ሳምንት ቀደም እንዲል አደረጉ። ግማሽ የሚሆኑት ግዛቶች ተቀበሉ፣ የቀሩት እምቢ አሉ፤ በአንድ አገር ሁለት ታንክስጊቪንግ ሆነ። ነገሩ የተቋጨው ኮንግረስ በ1941 «አራተኛው ሐሙስ» ብሎ ሲደነግግ ነው። ስለዚህ ሁለት በዓል ያለን እኛ ብቻ ነን ብላችሁ አትዘኑ።

ይህን ያነሳሁት የሰሞኑ ርዝመት ከሰማይ እንዳልወረደ ለማሳየት ነው። ባለቤት አለው፤ ባለ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁን እምቢ ማለት ደግሞ ኃጢአት የለበትም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2005 አንዲት እናትና ልጇ «ኤልፍ ኦን ዘ ሼልፍ» የሚባል የልጆች መጽሐፍ ከአሻንጉሊት ጋር አወጡ። አሻንጉሊቱ ቀን ቀን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ልጆቹን ይሰልላል፤ ሌሊት ሰሜን ዋልታ ሄዶ ለሳንታ ያወራል፤ ጠዋት ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይገኛል። ቦታውን የሚለውጠው ማነው? ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሆስፒታል ሽፍት የገባችው እናት ናት፤ ጫማዋን ሳታወልቅ። ልጆቻችሁን የሚሰልል ፍጥረት በገንዘባችሁ ገዝታችሁ ቤት አታስገቡ። ከገባም ዘንድሮ ለዕረፍት አዲስ አበባ ሄዷል በሉ።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ጾሙ ለደከመ ወላጅ ትልቅ አጋር ነው ብዬ አምናለሁ። ከ40 ቀን በላይ የሚሆነው ይህ ጊዜ በሥርዓቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ድግስ የለውም፣ ሰርግ የለውም። ዲሴምበር 25 ማለት ታኅሣሥ 16 ነው፤ ጾሙ መሐል ላይ ይወድቃል። ጾም በሚጾምበት ቤት ያን ቀን ዶሮ አይሠራም፣ ቅቤ አይነጠርም፣ ኬክ አይጋገርም። ገበታው በያይነቱ ነው፤ በያይነቱ ደግሞ ከዋዜማው ከሐበሻ ምግብ ቤት ታዞ ሊመጣ ይችላል። በዓመት ውስጥ ሱቁ ሁሉ የሚዘጋበት፣ አለቃ የማይደውልበት፣ ኢሜይል የማይመጣበት ቀን ቢኖር ይህ ነው። ተኙበት። ልጆቹ በፒጃማ ይዋሉ። ፊልም ይታይ። ያንን ቀን ሌላ ድግስ ለማድረግ የምትደክሙ ሰዎች፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ የሰጠቻችሁን ዕረፍት ነው የምትመልሱት።

ወደ ወጡ ልግባ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ የበዓሉ ድካም ግማሹ ያለው ሽንኩርቱ ላይ ነው።

ለአንድ ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይላጣል፣ ይደቅቃል፤ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ቀጥሎ በዘይት፣ ቀጥሎ በበርበሬ እየተማሰለ ሰዓታት ይፈጃል። በአፓርታማ ቤት ደግሞ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ፎጣ ይዞ የሚያራግብ አንድ ልጅ ይመደባል። አሁን ልብ በሉ፦ ቁሌቱ እስከዚህ ድረስ የጾም ነው። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል ነው ያለበት። ቅቤውና ዶሮው የሚገቡት ኋላ ነው። እንግዲያው ቁሌቱን በዋዜማው ቆሞ ማማሰል ለምን ያስፈልጋል? በዲሴምበር መጀመሪያ አንዱን ቅዳሜ መርጣችሁ ጨርሱት፤ ሲቀዘቅዝ በየዶሮው ልክ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር አስገቡት። በዋዜማው የሚቀረው ማቅለጥ፣ ቅቤውን መጨመር፣ ዶሮውን መክተት፣ እንቁላሉን መቀቀል፣ መከለሻ ጣል ማድረግ ነው። አንድ ትርፍም አለው። በዋዜማው ዶሮ ወጥ የምትሠራ ጿሚ ጨውን መቅመስ አትችልም፤ በግምት ነው የምትጨምረው። የጾሙ ቁሌት ግን ይቀመሳል። በገና ጠዋት «ጨው በዝቷል እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ ከገበታችሁ የሚያስወግድ መላ ይህ ብቻ ነው።

ፉድ ፕሮሰሰር ሽንኩርትን መራራ ያደርጋል የሚሉ እናቶች አሉ። እውነት አላቸው፤ ማሽኑን ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት ሽንኩርቱ ውሃ ሆኖ ይመራል። ነካ ነካ እያደረጋችሁ ስታቆሙት ግን በእጅ ከተከተፈው የሚለየው እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም። የደቀቀውን ሽንኩርት ስሎው ኩከር ውስጥ አድርገው የሚያሳድሩም አሉ፤ እነሱ ተኝተው ይበስላል።

ስለ ብልቱም አንድ ነገር። ሱፐርማርኬቱ ዶሮን በአብዛኛው 8 ቦታ ይቆርጠዋል፤ የእኛ ሙያ 12 ብልት ይላል። በዚህ ምክንያት ሙሉ ዶሮ ገዝታችሁ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት መገጣጠሚያ ስትፈልጉ የምታመሹ አላችሁ። ታፋና ቅልጥም ብቻ የተሞላ ጥቅል ግዙና 12 ቁጠሩ። 12 ነው። አክስቶቻችን ይህን አይፈርሙበትም፣ አውቃለሁ፤ ልጆቻችን ግን ድሮም የሚጣሉት በቅልጥሙ ነው። ምግቡንም አታብዙት። ዶሮ ወጥ፣ አይብ፣ ድፎ ዳቦ ይበቃል። ክትፎው ለጥምቀት ይቆይ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምመክረው ግን ቅርጫን ነው። ለአንድ ዶሮ የሚማሰለውና ለአራት ዶሮ የሚማሰለው ቁሌት የሚጠይቀው ጊዜ ብዙም አይራራቅም፤ ድስቱ ብቻ ነው የሚተልቀው። ታዲያ አራት ቤት አራት ድስት ጥዶ፣ አራት ሴት አራት ወጥ ቤት ውስጥ ለየብቻዋ ስታለቅስ ማየት ምን ይባላል? አራት ቤት ይሰባሰብ። አንዱ ቤት የአራቱን ቁሌት ይሥራ፣ ሁለተኛው የአራቱን ድፎ ዳቦ፣ ሦስተኛው አይቡንና ጎመኑን፣ አራተኛው እንጀራውን ይዘዝ፣ መጠጡንና ቡናውን ይያዝ። ከዚያ እንደ በሬው ሥጋ መደብ መደብ ተደርጎ በየዕቃው ይከፋፈል። የበርበሬው መጠን ላይ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የጎጃምና የሸዋ ምላስ አንድ ድስት ላይ ሲገናኝ ሽማግሌ ሊያስፈልግ ይችላል። ቅርጫ ላይ ጠብ የሚነሳው መደቡ ሲዛነፍ ነው። እዚህም የሽንኩርቱ ቤት በየዓመቱ ያው ቤት ከሆነ ማኅበሩ አይዘልቅም፤ ዕጣ ይጣል።

ወደ ባልና ሚስት ልመለስ ብዬ ነበር። በብዙ ቤት አባት በበዓል ሰሞን «ምን ልርዳሽ?» ይላል። ደግ ጥያቄ ነው። ግን ለመመለስ እናት ሥራዋን ትታ ማሰብ፣ ከራሷ ዝርዝር ውስጥ አንዱን መዝዛ ማስረዳት፣ ኋላም መፈጸሙን መከታተል አለባት። ሥራው ቢካፈልም ማሰቡ በእሷ ላይ ቀረ። ስለዚህ ሥራ አትካፈሉ፤ በዓል ተካፈሉ። ሁለት ገና ካለን አይቀር አንድ አንድ እንውሰድ። የፈረንጁ ገና ሙሉ በሙሉ የአባት ይሁን። ኮንሰርቱ ስንት ሰዓት ነው፣ የፒጃማው ቀን መቼ ነው፣ ለአስተማሪዋ ምን ይገዛል፣ ዛፍ ይኑር አይኑር፣ መብራቱ የት ነው የተቀመጠው፣ ይህ ሁሉ በእሱ ራስ ውስጥ ይደር። የትምህርት ቤቱ ኢሜይል ወደ እሱ ስልክ ይዙር። የፒጃማው ቀን ተረስቶ ልጁ በዩኒፎርም ከሄደ ይሂድ፤ እናት ከኋላ ሆና አታድን። የሐበሻውን ገና ደግሞ እናት ትያዘው፤ ወይም ተገላብጦ ይሁን፣ እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። ብቻዋን ወይም ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅም በዚህ አዳራሽ አለ። ለእነሱ ይህ ክፍፍል አይሠራም፤ ቅርጫው ግን ከማንም በፊት የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው። መጀመሪያ እነሱን ጥሩ፤ ዳቦውን ወይም እንጀራውን ይውሰዱ።

ለአባቶች አንድ ተጨማሪ ሥራ አለኝ፤ በሱፐርማርኬቱ የተወሰደባችሁን የሚክስ። የገና ጨዋታ ለልጆቻችሁ አስተምሩ። ቆልመም ያለ ዱላና አንድ ሩር ነው የሚያስፈልገው፤ የሁለተኛ እጅ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት የሆኪ ዱላ አይጠፋም። ለገና ቅርብ የሆነውን ቅዳሜ ፓርክ ይዛችኋቸው ውጡ። አገር ቤት በዚህ ጨዋታ ጌታና ሎሌ አብረው ይጋጠሙ ነበር፤ ተመታሁ ብሎ የሚቆጣ ጌታ አልነበረም። የእናንተም ቅልጥም ትመታለች፣ ተዘጋጁ። ብርድ ነው ትሉኛላችሁ። በዚያው ብርድ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ቆማችሁ ፖለቲካ ስታወሩ አይደል የምናየው? እናትም እቤት ሁለት ሰዓት ጸጥታ ታገኛለች።

ስጦታን በአጭሩ ልለፈው። ሁለት ጊዜ አትስጡ፤ አንዱን ቀን ምረጡና ለልጆቹ በግልጽ ንገሯቸው። የእኔ ምርጫ ጃንዋሪ 7 ነው፤ ምክንያቴም ከፊሉ መንፈሳዊ፣ ከፊሉ የኪስ ነው። ከዲሴምበር 26 ጀምሮ አሻንጉሊቱም መጠቅለያ ወረቀቱም ዋጋው ይወርዳል። ትንሹ ልጅ «ሳንታ ለምን እኛ ቤት አልመጣም?» ካለ መልስ አለ። ቅዱስ ኒቆላዎስ የሚባል በአራተኛው መቶ ዘመን የነበረ የሜራ ጳጳስ አለ፤ ሳንታ ክላውስ የመጣው ከእሱ ነው፤ በእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ይታሰባል። «የእኛ ጳጳስ ነው፤ ቀይ ካፖርት ሳይለብስ በፊት እናውቀዋለን» በሉት። ዛፉን በተመለከተ አስተያየት የለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ በረዶ አይተን የማናውቅ ሰዎች ጽድ ቆርጠን ጥጥ እናለብሰው ነበር፤ ዛፍ የፈረንጅ ነው ብሎ የሚፈርድ ካለ ከዚያ ይጀምር። የድሮው የገና ስጦታ ግን አዲስ ልብስ ነበር። ለልጁ በጃንዋሪ ካፖርት ማስፈለጉ ካልቀረ ካፖርቱን ስጦታ አድርጉት፤ በአንድ ገንዘብ ሁለት ነገር ይሸፈናል።

ስለ ገንዘብ ከተነሳ አገር ቤት የሚላከውንም እናንሳ፤ በሌሎች ወላጆች የገና በጀት ውስጥ የሌለ፣ በእኛ ውስጥ ግን ትልቁ መሥመር ነው። ዋዜማው ሲደርስ «ለበዓል እንዴት ናችሁ?» የሚል መልእክት ይመጣል። ጥያቄው ስለ ጤና እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ። አንደኛ፣ ለመላክ ከወሰናችሁ ጾሙ ሲገባ ላኩ። በዓል በቀረበ ቁጥር በግም ዶሮም ይወደዳል፤ ቀድሞ የደረሰው ገንዘብ የበለጠ ይገዛል። ሁለተኛ፣ ወንድምና እህት ካላችሁ አዋጥታችሁ በአንድ ሰው እጅ ላኩ፤ አምስት ሰው ለአንዲት እናት በየፊናው ልኮ አጎት ሳይደርሰው ሲቀር፣ ቅያሜው እስከ ፋሲካ ይዘልቃል። መጠኑንም በቁርጥ ተናገሩ። በዝምታ ውስጥ ተስፋ ይበቅላል፤ ተስፋው የእናንተን የክሬዲት ካርድ ዕዳ አያውቅም።

የሥራ ፈቃድን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ዛሬ ማታ ልትጨርሱት የምትችሉት ስለሆነ ነው። በሆስፒታል፣ በኤርፖርት፣ በሆቴልና በፓርኪንግ የምትሠሩ ሰዎች ዲሴምበር 25ን «እኔ እሠራለሁ» በሉና ጃንዋሪ 7ን በልዋጭ ጠይቁ። ዲሴምበር 25 የሚሠራ ሰው በጭንቅ ስለሚፈለግ የሥራ ባልደረባ ይመርቃችኋል። ልውውጡ ካልሆነም ሕግ አለ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ርዕስ 7፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ከባድ ጫና ካልሆነበት በስተቀር የሠራተኛውን የሃይማኖት በዓል ማስተናገድ አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 በአንድ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ አሠሪው ጥቂት ወጪ ስለመጣበት ብቻ እምቢ ማለት እንደማይችል ገልጿል። ጥያቄውን በጽሑፍ፣ አሁኑኑ አቅርቡ፤ በዋዜማው ማታ የሚመጣ ጥያቄ ሕጉ ቢደግፈውም ተቆጣጣሪው አይወደውም። ለልጆቹም በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ለሃይማኖት በዓል መቅረት በፈቃድ እንደ መቅረት ይቆጠራል፤ ከወላጅ አንዲት አጭር ደብዳቤ ነው የምትፈለገው። ሕፃን ያላችሁ ሌሊቱን ሁላችሁም ቤተ ክርስቲያን ካላደርን አትበሉ። ዘንድሮ አንዱ ይሂድ፣ ከርሞ ሌላው። እቤት የሚያድረው በጠዋቱ ድስቱን ያሞቃል።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። እስከዚያ በስተቀኝ በኩል ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና እስኪርቢቶ አለ፤ የወጥ ቅርጫ መግባት የሚፈልግ ቤት ከስሙ አጠገብ የሚይዘውን ይጻፍ። ከመጀመሬ በፊት ወረቀቱን አየት አድርጌው ነበር። ዳቦው ተይዟል፣ አይቡ ተይዟል፣ ቡና ሁለት ቤት ጽፎታል። የሽንኩርቱ መሥመር ባዶ ነው።